መከላከያ ዩኒቨርሲቲና የፀረ-ኤች አይ ቪ ሕክምና፦ አቅም በተቋም ሲጸና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል አዳማ የሚደርሰው መንገድ የሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ዋና መተላለፊያ ነው፡፡ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ደግሞ መቂን፣ ባቱን (ዝዋይን)፣ አርሲ ነጌሌንና ሻሸመኔን ያገናኛል፡፡ በእነዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ የአበባ እርሻና የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና የሠራዊት አባላት በብዛት ይኖራሉ፤ ያልፋሉም፡፡ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ርቀው ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ናቸው፡፡ በዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄም ከዚህ የሚመነጭ ነው፡፡ እንዲህ የሚዘዋወር ወገን ዕድሜ ልኩን የሚወስደውን መድኃኒት ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ምን ዓይነት ተቋም ከጎኑ ሊቆም ይገባል?

የጉዳዩ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2000 በተመለመሉ 72,000 ያህል ወንድ ወታደሮች ላይ የተደረገው ጥናት ከከተማ ከመጡት 7.2 በመቶ፣ ከገጠር ከመጡት ደግሞ 3.8 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ አሳየ፡፡ ምልምሎቹ ገና ወደ ሠራዊቱ እየገቡ የነበሩ በመሆናቸው ውጤቱ የሚናገረው ስለ ካምፕ ሳይሆን ከየቤታችን ስለ ወጡት ወጣቶች ነበር፡፡

የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ሕክምናውን በሆስፒታሎች ለማስጀመር በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊነቱን ተከፋፈሉ፡፡ ኦሮሚያን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲደግፍ፣ የመከላከያ ሠራዊቱን፣ የፖሊስንና የማረሚያ ቤቶችን የጤና ተቋማት በሳንዲያጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይደግፍ ነበር፡፡ ዓላማው ግን ሥራው ከጊዜ በኋላ ወደ ሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሸጋገር ነበር፡፡ መቀመጫው በቢሾፍቱ የሆነው መከላከያ ዩኒቨርሲቲ የሚታሰበውም እዚህ ላይ ነው፡፡

ዩኒቨርሲቲ ለሕክምናው ምን ይጨምራል?

የውጭ ድርጅት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ ቢሄድ፣ የሠለጠነው ነርስ ወደ ሌላ ምድብ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፡፡ ሠራዊት ደግሞ በባሕርይው ሰውን ያዛውራል፡፡ ዩኒቨርሲቲ ግን ትምህርቱን በመደበኛው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስለሚያስገባ፣ በየዓመቱ የሚመረቀው የጤና መኮንን፣ ነርስና የላቦራቶሪ ባለሙያ ሕክምናውን አውቆ ይወጣል፡፡ መምህራኑም ወደ ጤና ተቋማቱ ሄደው ከባለሙያው ጎን ቆመው አስቸጋሪ ጉዳዮችን አብረው ማየት ይችላሉ፡፡

ሁለተኛው ነገር መዝገብ ነው፡፡ ታካሚው ሕክምናውን ከጀመረ ከ6 ወር በኋላ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን ይለካል፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ይታያል፡፡ መጠኑ ከ1,000 ቅጂ በላይ ከሆነ ምክሩ ተጠናክሮ ይሰጠዋል፤ ምርመራውም ይደገማል፡፡ ወታደሩ በመካከል ከምድቡ ከተዛወረና የዝውውር ወረቀቱ ካልተከተለው፣ አዲሱ ሐኪም መድኃኒቱ መሥራቱን ሊያውቅ አይችልም፡፡ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱን መልመድም ይጀምራል፡፡

ከአዳማ የምንማረው

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዳማና በአካባቢዋ በሚገኙ አምስት ጤና ጣቢያዎች ሕክምናውን ገና ያልጀመሩ ከ800 በላይ አዋቂዎች ለሳንባ ነቀርሳ በጥንቃቄ ተመርመረው ነበር፡፡ ከስድስቱ አንድ ያህሉ በሽታው ተገኘባቸው፡፡ በተለመደው የአክታ ማይክሮስኮፕ ምርመራ ብቻ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ሳይታወቁ ባለፉ ነበር፡፡ ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፡፡ ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ነርስና የጤና መኮንን ከተደገፈ ከባዱን ሥራ ይሠራል፤ ጥናትም ከሕክምናው ጋር አብሮ ሲሄድ የተሰወረውን ያወጣል፡፡ በጠባብ ሰፈር ብዙ ሰው አብሮ በሚያድርበት በወታደር ካምፕ ሳንባ ነቀርሳን ቶሎ መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል፡፡

ምስጢርና ማዕረግ

በሠራዊት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፡፡ አዛዡ የበታቹን የጤና ሁኔታ ለማወቅ ይፈልግ ይሆናል፤ ሐኪሙም ራሱ ከበላዩ ትእዛዝ የሚቀበል መኮንን ነው፡፡ ወታደሩ ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ ከካምፑ ክሊኒክ ይሸሻል፤ መድኃኒቱንም ይደብቃል፤ ወይም ጨርሶ ይተወዋል፡፡ ስለዚህ የሕክምና ሥነ ምግባር ከማዕረግ በላይ የሚከበር መሆኑን ወጣቱ መኮንን በትምህርት ቤት ሳለ ሊማረው ይገባል፡፡ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የተቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ ማስተማርም ፍርሃቱን ያቀልላል፡፡ ደህና ለሆኑ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር በሀገራችን ከተጀመረ ዓመታት ሆነውታል፤ ለዘማችና ለረጅም መንገድ አሽከርካሪ ትልቅ እፎይታ ነው፡፡

የእኛ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ፡፡ በሰው ገንዘብ የቆመ ቤት ባለገንዘቡ ሲነሣ እንደሚናጋ ያኔ ተመለከትን፡፡ በሥርዓተ ትምህርት፣ በመዝገብና በመምህር የተተከለው ግን ቢጎዳም ይቀጥላል፡፡

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ያላት ቦታ ትንሽ አይደለም፡፡ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ ማስተማራቸው ይታወሳል፡፡ ልጁ ወታደር የሆነበት ቤተሰብ፣ ንስሐ አባቱም ጭምር፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ሊመክሩት፣ ለፈቃድ ሲመጣም ሳያሳፍሩ ሊቀበሉት ይገባል፡፡

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ከሠራዊት ወይም ከረጅም መንገድ ሥራ ተመላሽ የሆነ ታካሚ መድኃኒቱን የት እንደሚወስድ እንዲያውቅ እንዴት እንረዳዋለን?
2. የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት የታካሚን ምስጢር ስለ መጠበቅ ምን ትምህርት ያስፈልጋቸዋል?
3. ጠበል ለመጠመቅ የሚመጡ ወገኖች መድኃኒታቸውን ይዘው እንዲመጡ ማን ይንገራቸው?