ስድስት ቃላት፦ የጠፋው የወይጦ ቋንቋ ማስረጃና የተወላጆቹ ጥያቄ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች በጉማሬ አዳኝነት፣ በዓሣ አስጋሪነትና በደንገል ታንኳ ሠሪነት ሲታወቁ ኖረዋል። ዛሬ አፍ መፍቻቸው አማርኛ ነው። ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ቢነገርም፣ በዚያ ቋንቋ የተመዘገበ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለም። ይህ ጽሑፍ ያለው ማስረጃ ምን ያህል ድምዳሜ ሊሸከም እንደሚችል ይመረምራል።

የመጀመሪያው ምስክር ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በአካባቢው ሲያልፍ፣ ወይጦዎች ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ሆኖም በንጉሡ በኩል ያስጠራቸው ሁለት ሰዎች በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም ጥያቄዎቹን አልመለሱም። በፍርሃት ውስጥ የተገኘ ዝምታ ደግሞ ለቋንቋ ልዩነት ማስረጃ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1907 ኦይገን ሚትቮኽ ወይጦዎች አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1928 በዚያ ያለፈው ማርሴል ግሪዮል ይህንኑ ሲያረጋግጥ፣ አንድ ወይጦ ራሱ በማይረዳው የሞተ ቋንቋ ሲዘፍን መስማቱን ጨመረ፤ ዘፈኑ ግን አልተጻፈም። ግሪዮል የሰበሰባቸውን ቃላት እ.ኤ.አ. በ1939 የመረመረው ማርሴል ኮኸን፣ ብዙዎቹ ባዕድ እንዳይረዳቸው ድምፃቸው ወይም ትርጉማቸው የተለወጠ የአማርኛ ቃላት መሆናቸውን አሳየ። ምንጫቸው ያልተለየው ስድስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የዓሣ ቅርፊት፣ ክንፍ፣ ትንኝ፣ ትከሻ፣ የጉማሬ ታፋና የጉማሬ አከርካሪ መጠሪያዎች ናቸው።

ቋንቋው አገው፣ ሌላ ሴማዊ ወይም ምሥራቅ ሱዳናዊ ሊሆን ይችላል የሚሉ መላምቶች ቀርበዋል። ነገር ግን የቋንቋ ዝምድና የሚረጋገጠው በተደጋጋሚ የድምፅ ተዛምዶ ነው። ግስ፣ ተውላጠ ስምና የቁጥር ቃል የሌለባቸው ስድስት ስሞች ለዚህ አይበቁም። ስለዚህ ቋንቋውን ያልተመደበ ብሎ መተው ተገቢ ነው።

ጉዳዩ ከሥነ ልሳን ያልፋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብን ሲተረጉም የጋራ ቋንቋን ከመለያዎቹ አንዱ ያደርጋል። ራሳቸውን ነገደ ወይጦ የሚሉት ተወላጆች ግን ማንም ያልመዘገበውን ቋንቋ በማስረጃነት ሊያቀርቡ አይችሉም። የቋንቋው መጥፋት ለማንነታቸው መጥፋት ማስረጃ ሆኖ መወሰድ የለበትም። ከተመራማሪ የሚጠበቀው፣ በአረጋውያኑ ፈቃድ፣ ስለ ደንገል፣ ስለ ታንኳና ስለ ዓሣ የሚናገሩትን አማርኛ መመዝገብ፣ ከዚያም ከጎጃምና ከጎንደር አማርኛ እንዲሁም ከአዊኛ ጋር ማነጻጸር ነው።