በቤት ውስጥ የሚወሰድ ኦክሲጅን

በማታው የንባብ ክፍል አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። «መምህር፣ እኅቴ ሳንባዋን ታማ ሐኪም ኦክሲጅን የሚሰጥ መሣሪያ አዞላት ቤት ገብቷል። ሲያፍናት ትሰካዋለች፤ ሲሻላት ትነቅለዋለች። ለመሆኑ አየር በደጅ ሞልቶ ሳለ ይኼ ምን ያደርጋል?» አሉ። የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና እስቲ አብረን እንየው።

የምንተነፍሰው አየር ሁሉ ኦክሲጅን አይደለም። ከ100 እጅ 21 እጁ ብቻ ኦክሲጅን ነው፤ የሚበዛው ናይትሮጅን ነው። ጤነኛ ሳንባ ከዚሁ የሚበቃውን ወስዶ ለደም ያቀብላል። ለብዙ ዘመን በሲጋራ ወይም በምድጃ ጢስ የተጎዳ ሳንባ ግን ማቀበል ያቅተዋል። አየሩ ሞልቶ ሳለ ደሙ ይራባል። ይህ ረኃብ ውሎ ሲያድር ልብን ያደክማል፤ እግርን ያሳብጣል።

መሣሪያው ኮንሰንትሬተር ይባላል። ኦክሲጅን አይፈጥርም። በኤሌክትሪክ እየሠራ የክፍሉን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን ያስቀራል። ከ100 እጅ 90 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን የሆነውን በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይልካል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ስለዚህ ተጠባባቂ ሲሊንደር ያስፈልጋል።

ታዲያ ሲያፍን ብቻ ቢወሰድስ? እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ የብሪታንያ ጥናት መልስ አለው። በደማቸው ውስጥ ኦክሲጅን በጣም ያነሰባቸው 87 ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። 42ቱ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክሲጅን ወሰዱ፤ 45ቱ አልወሰዱም። በ5 ዓመት ውስጥ ከ42ቱ 19 ሞቱ፤ ከ45ቱ ግን 30 ሞቱ። ኦክሲጅን የተጎዳ ሳንባን አያድንም፤ ዕድሜን ግን ያረዝማል። ይህም የሚሆነው ሰዓቱ ሲሞላ ነው። የኦክሲጅን ማነስ ሁልጊዜ አያፍንምና «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ መንቀል ራስን ማታለል ነው።

ይሁን እንጂ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ሐኪም ደሙን ለክቶ ነው የሚያዘው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦክሲጅናቸው በመጠኑ ብቻ ያነሰባቸው ሕሙማን በዚህ ሕክምና ዕድሜያቸው እንዳልረዘመ አሳይቷል። የታዘዘውን መጠን በራስ ፈቃድ መጨመርም አደጋ አለው። በአንዳንድ ሕሙማን ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛው ይደነዝዛል፣ ሊሞትም ይችላል።

የመጨረሻው ነገር እሳት ነው። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያባብሳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ሲጋራ አይጨስም። ክብሪት፣ ሻማ፣ የቡናና የዕጣን ከሰል ከክፍሉ ይውጣ። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን በአፍንጫ ዙሪያ አይቀባ።

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ደብተራቸውን አጠፉ። «በሉ ልሂድ፤ ሳትተኛ ልድረስባት። ከሰሉንም እኔው አወጣላታለሁ» ብለው ተነሡ።

ጥያቄዎች
1. በጥናቱ ሕሙማኑ በቀን ቢያንስ ስንት ሰዓት ኦክሲጅን ወሰዱ?
2. መጠኑን በራስ ፈቃድ መጨመር ለምን ያሰጋል?
3. በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር ከቤቱ ምን ምን ታወጡለታላችሁ?