«ከፋላ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



በእንጦጦ ግርጌ በ705 ሄክታር ላይ በተንጣለለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከየቲሞች እናቶችና ከለጋሾች ጋር በዋልንበት ዕለት፣ አስጎብኚው ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሞ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» አለ። እናቶች ዝም አሉ። ወዲያው «ኮሶ ነው» ሲል ግን ሳቅ ሆነ፤ ስለ ምሬቱም ወሬው ደራ።

ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነና «ለልጆቻችሁ ስፖንሰር ተገኝቷል፤ የከፋላ ውል ትፈርማላችሁ» አልን። ፍችውን አላከልንም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ጎኗ ስባ «ድሃ ብሆንም ልጄን አልሰጥም» ብላ ለመሄድ ተነሣች።

ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። የውጭ ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪከለከል ድረስ ብዙ ሕፃናት ባሕር ማዶ ተወስደዋል። በአገራችን ልማድ ጉዲፈቻ የሥጋ ዝምድናን አይበጥስም፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይጠብቃል። ስለዚህ ልጁ ተምሮ ይመለሳል ብለው የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። በተቀባዮቹ አገሮች ሕግ ግን ያው ቃል የወላጅነትን መብት ጨርሶ መቁረጥ ሆኖ ተገኘ።

ከፋላ በዐረብኛ ኃላፊነትን መውሰድ ማለት ነው። እኛ በምንሠራበት መንገድ ልጁ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ለጋሹ ቀለቡን፣ ልብሱንና የትምህርት ወጪውን ይሸፍናል። ስሙም አይለወጥም፤ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ በሱረቱል አሕዛብ ታዟልና።

«የቲም» የሚለውም ቃል ለጋሾችን አሳስቷል። «እናቱ በሕይወት እያለች እንዴት የቲም ተባለ?» ብለው የተቆጡን አሉ። በሸሪዓ የቲም ማለት አባቱ የሞተበት፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ነው። ዩኒሴፍ በበኩሉ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱን ወይም ሁለቱን ያጣውን ይቆጥራል። በተለምዶ ግን «ወላጅ አልባ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ሁለቱንም ያጣ ልጅ ነው። እናቱ ብቻ የሞተችበት ችግረኛ ልጅ በየቲም መዝገብ ባይገባም፣ ከአጠቃላይ ሰደቃ ይረዳል።

ያችን እናት የመለሰቻት ጎረቤቷ ናት፤ «ልጅሽ ካንቺ አይለይም፤ የሚመጣው ገንዘቡ ነው» አለቻት። እናቲቱም «እንግዲያው ይህ ይጻፍልኝ» አለች። በቅጹ ኅዳግ ላይ በእጃችን ጻፍንላት፤ ከሥሩ በጣቷ ፈረመች። በአዲሱ ቅጽ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው መስመር ታትሟል።