የዛለውን ክንድ መደገፍ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 17 እስራኤላውያን ከዐማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ እጆቹን አንሥቶ እንደ ቆመ እናነባለን። እጆቹ በዛሉ ጊዜ አሮንና ሖር በድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ በወዲህ ሌላው በወዲያ ሆነው ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ደገፉት። ረዳቶቹ በሙሴ ፈንታ የራሳቸውን እጅ እንዳላነሡ እናስተውል፤ የእርሱን እጅ ደገፉ እንጂ። በዚህ ትምህርት ከአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዳቸው የዛለባቸውን አረጋውያን ወላጆች እንዴት መርዳት እንደሚገባን ከዚህ ምሳሌ እንማራለን።

ዕድሜ ሲገፋ በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ እየሳሳ፣ በዙሪያው ያለው አጥንትም እየወፈረ ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ሐኪሞች ይህን ጫና የሚያስወግዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ሕክምናው በመልካም ቢፈጸምም አንዳንድ ሕሙማን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ክንዳቸውን ማንሣትና ክርናቸውን ማጠፍ ያቅታቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ወደ ትከሻና ወደ ላይኛው ክንድ ጡንቻ የሚሄደው አምስተኛው የአንገት ነርቭ ነው። አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ ሆኖም ነርቭ ቀስ ብሎ ስለሚድን ወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። አዲስ ድካም ሲታይ ለሐኪሙ ሳይዘገዩ መንገር ይገባል። እግር ቢዝል፣ ሽንትን መቆጣጠር ቢያቅት፣ ትኩሳት ቢነሣ ወይም ቁስሉ ቢያመረቅዝ ግን ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ግድ ነው።

በቤት ውስጥ ልንጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ወላጃችንን ስናስነሣ የዛለውን ክንድ አንጎትት፤ ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለ ደከሙ መገጣጠሚያው ይጎዳል። ሲቀመጡ ከክንዳቸው በታች ትራስ እናድርግ። ሁለተኛ፣ ስናለብስ የደከመውን ክንድ አስቀድመን እናስገባ፤ ስናወልቅ በመጨረሻ እናውጣው። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ትከሻው እንዳይደርቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየንን እንቅስቃሴ በየቀኑ በዝግታ እናሠራቸው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን በገዛ እጁ መብላት የሚችለውን አባት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማጉረስ ክብሩን ሊነካ ይችላል። ቀኝ እጁ ለደከመበት ሽማግሌ በግራ መብላትና ሰላምታ መስጠት እንደ ነውር ይሰማዋል። እንግዲህ ቤተ ሰቡ ነውር አለመሆኑን በአሳቡም በአኳኋኑም ይግለጥለት። እናታችን በግራ እጃቸው ቢያማትቡ ንቀት አይደለም፤ ከወደዱም ቀኝ እጃቸውን ደግፈን አብረን እናማትብ።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2218፣ ልጆች በእርጅናና በሕመም ጊዜ ወላጆቻቸውን በቁሳቁስም በመንፈስም እንዲረዱ አራተኛው ትእዛዝ እንደሚያሳስባቸው ያስተምራል። በቁጥር 1515 ደግሞ ምሥጢረ ቀንዲልን ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት መቀበል ተገቢ መሆኑን፣ ድካማቸው ለበረታ አረጋውያንም እንደሚሰጥ ይገልጻል። ስለዚህ ካህኑን ለመጥራት የሞትን ሰዓት አንጠብቅ።

በመጨረሻም ሙሴን የደገፉት ሁለት ሰዎች እንጂ አንድ ሰው አልነበረም። በብዙ ቤቶች ግን ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ ይወድቃል። ወንድሞችና እኅቶች ተራ ይግቡ፤ የቁምስናው ማኅበራትም አስታማሚዋ ቅዳሴ እንድታስቀድስና እንድታርፍ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይተኩላት። ደጋፊም ደጋፊ ያስፈልገዋልና።

ለውይይት፦
1. ወላጆቻችን ራሳቸው ሊሠሩት የሚችሉትን፣ እኛ ግን የምንነጥቃቸው ምን ምን ተግባር አለ?
2. በቁምስናችን ብቻውን የሚያስታምም ማን አለ? በዚህ ሳምንት ምን እናድርግለት?