ባዕድ ደም ያዳናት እንስሳ

በክፍል ውስጥ ስለ ዘር ውርስ ስንማር ምሳሌው ዘወትር የሜንዴል አተር ነው። አተሩም መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈተናውን ካለፍን በኋላ «ይህ ትምህርት ለምን ይበጃል?» ብለን መጠየቃችን አልቀረም። ስለዚህ ለዛሬ ከአተሩ ማሳ ወጥተን፥ በአውስትራልያ አገር በከፍተኛ ተራሮች ላይ ስለምትኖር አንዲት ትንሽ እንስሳ ልንጽፍ አሰብን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንስሳዪቱ የተራራ ድንክ ፖሰም ትባላለች። እንደ ካንጋሮ ልጆችዋን በሆድዋ ኪስ ታሳድጋለች፤ መጠንዋ ግን ከአይጥ እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደትዋ 45 ግራም ያህል ነው። የበረዶውን ወራት በድንጋይ ክምር ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች። ሊቃውንት መጀመሪያ ያወቁዋት በአጥንትዋ ነው። በ1895 ሮበርት ብሩም ከዋሻ የተገኘ ቅሪተ አካል መርምሮ ስም ሲያወጣላት፥ ከምድር ጠፍታ የቀረች መስላ ነበር። በ1966 ግን በቪክቶሪያ ግዛት በሆታም ተራራ ላይ፥ በበረዶ ተንሸራታቾች ማረፊያ ቤት ውስጥ በሕይወት ተገኘች። ተዝካርዋ ከወጣ በኋላ ከነነፍስዋ እቤት ገብታ ተገኘች ማለት ነው።

በዚያው ግዛት በቡለር ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ ወገን በ1996 ተገኘ። ይህ ወገን ከሌሎቹ ተነጥሎ 20,000 ዓመት ያህል ለብቻው የኖረ ነው። በተገኘ ጊዜ 300 ያህል ነበሩ፤ ዐሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል ግን 40 እንኳ አልሞሉም። ለበረዶ ስፖርት ተብሎ መኖሪያቸው ተነካ፤ ከአውሮፓ የገባው ቀበሮና ድመትም ይበላቸው ነበር።

ቁጥር ሲያንስ በዘር ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለማስረዳት አንድ ከረጢት ቦሎቄ እናስብ፤ ቀይ፥ ነጭ፥ ጥቁርና ዥንጉርጉር የተቀላቀለበት። 200 ፍሬ ብንዘግን ሁሉም ቀለም ይደርሰናል። 8 ብቻ ብንዘግን ግን ጥቁሩ ወይም ዥንጉርጉሩ ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ለከርሞ የሚዘራው ከተዘገነው ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀረው ቀለም ተመልሶ አይመጣም። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ አንድን ለተዋላጆቹ ቁጥር እጥፍ ማካፈል ነው። የሚዋለዱት 10 ቢሆኑ በአንድ ትውልድ ከዘር ልዩነታቸው ከ20 እጅ አንዱ፥ ማለት ከመቶ 5 ይጠፋል፤ ከዐሥር ትውልድ በኋላ ከመቶ 40 ያህሉ ሄዶአል። 500 ቢሆኑ ግን በዚያው ዐሥር ትውልድ የሚጠፋው ከመቶ 1 ብቻ ነው። የቡለር እንስሶች ዲ ኤን ኤ ሲመረመር፥ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከነበራቸው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል ጠፍቶ ተገኘ።

ሁለተኛውን ጉዳት ለአገራችን ሰው ማስረዳት ብዙ አያደክምም። አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። እያንዳንዱ ፍጡር ተሸሽጎ የሚኖር ጐጂ ጂን ይሸከማል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም በአንድነት ካልመጣ አይገለጥም። ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። በቡለር ተራራ ሰባት ቤት ተቈጥሮ የሚገኝ ባዕድ አልነበረም።

ታዲያ ከሌላ ተራራ ሙሽራ ማምጣት ነዋ! ይህ ግን በተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ዘንድ ብዙ የሚያከራክር ነገር ነው። ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ወገኖች ቢደባለቁ፥ እያንዳንዱ ከአገሩ ጋር የተስማማበት ጠባይ ሊፈርስ፥ ዲቃላውም ከወላጆቹ ደካማ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር መዳቀሉ የሚያሳስበን በምክንያት ነው። ነገር ግን ውሻ ሌላ ዘር ነው፤ የሆታም ፖሰም ለቡለሯ የሩቅ ወንድም ነው፤ ተራራውም ተራራዋን ይመስላል። በእኛ አስተያየት ንጹሕ ሆኖ ከሚያልቅ ተደባልቆ የሚኖር ይሻላል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ እያለቀ ለነበረው ፑማ በ1995 ከቴክሳስ 8 ሴቶች ሲመጡለት እንዲሁ አገግሞ ነበር።

በ2011 ከሆታም 6 ወንዶች ወደ ቡለር ተወሰዱ። በ2017 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ የቡለር ወገን ከተገኘበት ከ1996 ወዲህ ታይቶ ከማይታወቅ ቁጥር ደረሰ።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ይጠይቀናል። በዚያው ዘመን መኖሪያቸው ታድሶ፥ ቀበሮና ድመት እየታደነ ነበርና፥ ለመብዛታቸው ምክንያቱ ይህ ቢሆንስ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለእኛም ከሁሉ የጣመን ለዚህ የተሰጠው መልስ ነው። የእያንዳንዱ እንስሳ አባት ከየትኛው ተራራ እንደ ሆነ ዲ ኤን ኤው ይናገራል። ስለዚህ በአንድ ተራራ፥ በአንድ ዓመት፥ አንድ ምግብ የበሉትን ዲቃሎችና ዲቃላ ያልሆኑትን ጎን ለጎን ማመዛዘን ተቻለ። መኖሪያው የታደሰው ለሁለቱም እኩል ነው። ሆኖም ሴቶቹ ዲቃሎች ብዙ ግልገል በኪሳቸው ይዘው ተገኙ፤ ዕድሜያቸውም ረዘመ። በጠቅላላው ለመኖርና ለመራባት የነበራቸው ብቃት ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ደሙ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይሁንና ጂን እህል አይሆንም። እነዚህ እንስሶች ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ብዙውን ጊዜ የሚመገቡት ቦጎንግ የምትባለውን የእሳት ራት ነው፤ እርሷም በየጸደዩ ከሩቅ ቆላ ወደ ተራሮቹ ትፈልሳለች። በ2017 እና በ2018 ግን በቆላው ድርቅ ሆነና የእሳት ራቷ ቁጥር እጅግ አሽቆለቆለ፤ ብዙ እናቶችም በኪሳቸው የነበሩትን ግልገሎች አጡ። ሊቃውንቱም የዲ ኤን ኤውን መዝገብ ለጊዜው አስቀምጠው፥ ለፖሰሞቹ የሚሆን ብስኩት መጋገር ያዙ።