የሂተሩ ቅዝቃዜ ስለ ሞተሩ ምን ይነግረናል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይጥላል። በዚህ ሰዓት ከመኪናችን ሂተር ቀዝቃዛ አየር ብቻ ቢወጣ ጉዳዩን የምቾት ጉድለት ብቻ አድርገን ማለፍ የለብንም፤ ሞተሩ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላልና።

ሂተር የራሱ ምድጃ የለውም። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያው የሚነፋው አየርም ሙቀቱን ከእርሷ ይቀበላል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ውሃው መሞቅ፣ የሞቀውም ውሃ እስከ ሂተሩ መድረስ። የጎደለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሙቀት ጌጁን እንመልከት።

1. ጌጁ ከታች ከቀረ፦ ረጅም መንገድ ተጉዘንም ጌጁ ካልተነሣ የምንጠረጥረው ቴርሞስታቱን ነው። በውስጡ ያለው ሰም ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ቀልጦ ሲሰፋ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል። በሩ ተከፍቶ ከቀረ ውሃው ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። «ያሞቃል» ተብሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ሲጣልም ውጤቱ ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል።

2. ጌጁ መሐል ላይ ከሆነ፦ ሞተሩን አጥፍተን ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ እንንካ። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ መተላለፊያው ተደፍኗል ወይም ተዘግቷል። ሁለቱም ከሞቁ ችግሩ ከውሃው ሳይሆን ከአየሩ መንገድ ነው።

3. ጌጁ ወደ ቀዩ ከወጣ፦ ሂተሩ ቀዝቅዞ ሞተሩ ከጋለ ውሃው ጎድሏል፣ አየር ገብቶበታል ወይም ፓምፑ አይሠራም። ወዲያውኑ እንቁም፤ ቴስታታው ከተጣመመ ጥገናው ከባድ ነው።

እዚህ ላይ የቦታው ከፍታ ትርጉም አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ክፍት ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ለሞተሩ መደበኛ ሙቀት በጣም ቅርብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የያዘው ግፊት ሲሆን፣ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ከላላ ውሃው በእንፋሎት እየወጣ ያልቃል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን ብንከፍተውም ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ ውሃው በቅጽበት ፈልቶ ይገነፍልብናል። እንግዲህ ክዳኑን የምንፈትሸው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።