ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቢቸናና ከሞጣ ሲታዩ

እኛ ዕጩ መምህራን የአንድን መሪ ታሪክ ለማስተማር ስንዘጋጅ መጀመሪያ የምንይዘው የዓመት ዝርዝር ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ በ1909 አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ። ተማሪው ይኸን በቃሉ ይወጣዋል፣ ለፈተና ይጽፈዋል፣ በሳምንቱ ይረሳዋል። በቢቸና ወይም በሞጣ ለሚማር ልጅ ግን የንጉሡ ታሪክ የቅድመ አያቱ ማሳ ላይ ይገኛል። ታዲያ ለምን ከዚያ አንጀምርለትም?

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱት በጎጃም በኩል ነው። በጥር 1933 በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ፤ አርበኞች ሲዋጉበት የቆዩበትን አገር አልፈው ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ከአርበኞቹ አንዱ፣ በቢቸና ስማቸው የገነነው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በ1937 አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። አራት ዓመት እንኳ አልሞላም!

ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ በግብር ነው፤ ይኸን ጉዳይ ጠለቅ ብለን ማየት ይገባናል። የጎጃም ገበሬ መሬቱን የሚይዘው በርስት ነበር። ከዋናው አባት የተወለደ ሁሉ ድርሻ አለኝ ይላል፤ ድርሻው የሚታወቀውም በትውልድ ቆጠራና በሽማግሌ ቃል እንጂ በመዝገብ አልነበረም። በደቡብ መሬቱ በቃላድ ሲለካ ስንቱ ባላገር ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ጎጃሜው ያውቃል። ስለዚህ ልኬት ማለት ለእሱ ርስትን መነጠቅ ማለት ነበር። ከነጻነት በኋላ የመሬት ግብር አዋጆች ሲወጡም ተቃወመ፤ መንግሥትም በልኬት ሳይሆን በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተወው።

በ1960 መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱ ላይ ሲታይ ከአስራት የተሻለ ሕግ ነበር፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል ይላል። ዋናው ባለዕዳም የደቡቡ ባለ ብዙ ጋሻ የመሬት ከበርቴ በሆነ ነበር። ነገር ግን ግምቱን የሚያደርጉት ሹማምንት ሞጣና ቢቸና ሲደርሱ ገበሬው የታየው ሌላ ነው፤ ዛሬ ምርቴን የቆጠረ ነገ መሬቴን ይለካል። በዚያ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስቀድሞም አልተወደዱም። አመጹ ሞጣን፣ ቢቸናንና ዳሞትን አዳረሰ። ፖሊስና ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። መንግሥት በጉልበቱ እንዳልሆነለት ሲያይ አካሄዱን ለወጠ። ገዥው ተነሡ፤ ንጉሡ ራሳቸው በ1961 ጎጃም መጥተው ለዓመታት የተከማቸውን ውዝፍ ግብር ማሩ።

በ1928 ጄኔቭ ላይ ለዓለም የተናገሩት፣ በ1955 የአፍሪካን መሪዎች አዲስ አበባ የሰበሰቡት ንጉሥ አንድ ገማች የሞጣ ጤፍ ማሳ ውስጥ ማስገባት አልቻሉም። እኛ እንደሚመስለን ያን ያህል ዘመን የገዙበት አንዱ ምሥጢር እዚህ አለ፤ ማፈግፈግ ያውቁ ነበር። ያፈገፈጉበት ጉዳይ ግን መፍትሔ ሳያገኝ እዚያው ይቀራል።

ይኸን ክፍል ውስጥ ስናስተምር ጥንቃቄ ያሻል። ቅድመ አያቱ ጃንሆይን አጅቦ የገባ ልጅና ቅድመ አያቱ ቦምብ የወረደበት ልጅ ባንድ ዴስክ ይቀመጣሉ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሁለቱም ቅድመ አያቶች አንድ ሰው ናቸው። መምህሩ ፍርዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከሚጀምር ይልቅ ተማሪዎቹ ርስት፣ አስራት፣ ቃላድና ውዝፍ ምን እንደሆኑ ቤታቸው ሽማግሌ ጠይቀው ይምጡ ቢል ይሻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጎጃሙን ርስትና የደቡቡን ጭሰኝነት ባንድ ቀን ሻረ። ንጉሡ ያን ጊዜ በእስር ላይ ነበሩ፤ ሕይወታቸው ያለፈው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው።